ያልታጠብኩበት ውሃ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጠፋሁብሽ፤ ይቅር በይኝ። ወቀሳውን ስንገናኝ ታወርጂብኛለሽ፣ በወቀሳ እንደሆነ የሚችልሽ የለም። አሁን ግን ቸግሮኝ ነው የጻፍኩልሽ።

የመብራት ቢሉ ናላዬን አዞረው። ኑሮዬ ያው ነው፤ ሂሳቡ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ማታ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያጠፋሁ ቆጣሪውን አየሁት። ቀይዋ መብራት መርገብገቧን ያቆመችው የቦይለሩን ሳጠፋ ብቻ ነው። ባለሙያ አስመጣሁ፤ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ተጣብቋል፣ ውሃው ቢሞቅም መብራት መሳቡን አያቆምም አለኝ። በግፊት ማስተንፈሻው በኩል ሌሊቱን ሙሉ የፈላ ውሃ ያንጠባጥባል። እስኪ አስቢው፤ ባለ 2000 ዋት ማሞቂያ 10 ሰዓት ሳያቋርጥ ከሠራ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ማንም ላልታጠበበት ውሃ!

ለአከራዬ ስነግራቸው «ልጄ፣ አንቺ ውሃ ስለምታበዢ ነው» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም ደግነታቸው ነው አፌን የያዘው። ደግሞ... ኪራይ ይጨምሩብኛል ብዬም እፈራለሁ፤ ላንቺ ምን እደብቃለሁ።

ግን እውነቱን ንገሪኝ። ቦይለሩ ከቤቱ ጋር የተከራየሁት ዕቃ ነው፣ ውሉ ላይም ተቆጥሯል። የመብራት ሂሳብ የተከራይ ነው ይላል፤ እሺ፣ የተጠቀምኩበትን ልክፈል። የብልሽቱ ዕዳ ግን እንዴት የኔ ይሆናል? ዕቃውን የሚያሳድሰው ባለቤቱ ከሆነ፣ ሳይታደስ ያባከነውንም መቻል ያለበት እሱ ነው። ሙሉ ቢሉን አይደለም የምጠይቀው፤ ከብልሽቱ በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ብቻ።

የሥራ ባልደረቦቼ ከኪራዩ ላይ ቁረጪ ይሉኛል። አልዋጥልሽ አለኝ። ሳንስማማ ከቆረጥኩ «ኪራይ አልከፈለችም» ተብዬ ከሳሽ መሆን ሲገባኝ ተከሳሽ እሆናለሁ። ስለዚህ ኪራዩን በቀኑ እከፍላለሁ። የቆጣሪውን ፎቶ፣ የባለሙያውን ወረቀትና የፊትና የኋላውን ቢል አያይዤ፣ ቀን ጽፌ፣ የሚጠግኑበት ጊዜ ሰጥቼ ደብዳቤ አዘጋጅቻለሁ። ቅጂው እኔ ጋ ይቀራል።

የጓዳውን ቧንቧ ጉዳይ እንዴት እንደጨረስሽው አልረሳሁትም፤ ውል እስከ ማኅተሙ ድረስ የምታነቢ ሰው ካንቺ ሌላ አላውቅም። ረቂቁን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ልዩነቱ ከሚቀጥለው ኪራይ ይታሰብልኝ ልበል ወይስ በእጅ ይመልሱልኝ? እሳቸውን የሚያስከፋ ቃል ካለበትም ሰርዢው። እስከ ሐሙስ መልሺልኝ፤ ዓርብ ኪራይ ሳደርስ አብሬ ልሰጣቸው ነው።

ያንቺው