የብርድ ወራት ጉዞ ከወጀቡ መድረሻ ሰዓት ወደ ኋላ ይታቀዳል

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በሸራ ጀልባ ላይ እየኖሩ በብርድ ወራት ከወደብ ወደ ወደብ ስለመጓዝ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ «ነፋሱ ሲበርድ ውጡ» የሚል ምክር አንብበናል። ምክሩ ለግማሽ ቀን ሽርሽር ይበቃ ይሆናል። ቤቱን ይዞ ለሚጓዝ ሰው ግን አደጋ አለው፤ በዚህ ወቅት ነፋስ ጋብ የሚለው ብዙ ጊዜ በሁለት ወጀቦች መካከል ነውና። ጉዞው መታቀድ ያለበት ቀጣዩ ወጀብ ከሚደርስበት ሰዓት ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው።

ከምድር ወገብ ርቀው በስተሰሜን ባሉ ቀዝቃዛ ባሕሮች ወጀብ የሚያመጡ ዝቅተኛ የአየር ግፊቶች ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ተከታትለው ያልፋሉ። አንዱ ካለፈ በኋላ ሌላው በአንድ ቀን ወይም በቀን ተኩል ሊደርስ ይችላል። አመጣጣቸው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ከፍ ያለ ስስ ደመና ፀሐይዋን ይጋርዳል፣ ባሮሜትሩ (የአየር ግፊት መለኪያው) መውረድ ይጀምራል፣ ነፋሱ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይዞራል። ቀጥሎ ሞቅ ያለው አየር ካፊያና ጭጋግ ይዞ ይገባል፤ ነፋሱም ከደቡብ ምዕራብ ይበረታል። በመጨረሻ ቀዝቃዛው አየር ሲደርስ ነፋሱ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይገለበጣል፣ ዶፍ ይወርዳል፣ ከዚያ ሰማዩ ጥርት ይላል።

ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ፀሐይ ወጥታ፣ ባሮሜትሩ ሽቅብ ሲሄድ ሁሉም ያበቃ ይመስላል። ባሮሜትር በፍጥነት ሲወጣም ግን ነፋሱ ሲወርድ ከነበረው የማይተናነስ ሊሆን ይችላል። ከደቡብ ምዕራብ የተነሳው ሞገድ ገና ሳይተኛ ከሰሜን ምዕራብ አዲስ ይነሳበታል፤ ሁለቱ በሚጋጩበት ባሕር ላይ ጀልባ ፍጥነቷም ይወርዳል፣ መሪዋን ለያዘውም ታስቸግራለች። ስለዚህ ቀዝቃዛው አየር ካለፈ በኋላ 12 ሰዓት ያህል ሞገዱ እስኪያርፍ መጠበቅ፣ ቀጣዩ ከመድረሱ 12 ሰዓት ቀድሞ ደግሞ ወደብ ውስጥ ታስሮ መገኘት ያስፈልጋል። በሁለት ወጀቦች መካከል 36 ሰዓት ካለ ለጉዞ የሚቀረው 12 ሰዓት ብቻ ነው። 24 ሰዓት ከሆነ ምንም አይቀርም፤ ያን ጊዜ ሰማዩ የቱንም ያህል ቢያምር ጉዞ የለም።

መልሕቅ ለመጣልም ይኸው የነፋስ መገልበጥ ወሳኝ ነው። ከደቡብ ምዕራብ ነፋስ የሚከልል ጥግ ለሰሜን ምዕራብ ነፋስ ወለል ብሎ የተከፈተ ሊሆን ይችላል፤ ምሽት ላይ ጸጥ ባለ ውኃ የተኛ ሰው ሌሊት ሲነቃ ዓለቱ ከኋላው ሆኖ ያገኘዋል። ሰንሰለቱ የጥልቀቱን 5 እጥፍ፣ ነፋስ ከተጠበቀ 7 እጥፍ ይለቀቅ። ጥልቀቱ የሚለካው ባሕሩ ሲሞላ በሚኖረው ከፍታ ሲሆን ከውኃው በላይ ያለው የጀልባዋ አፍንጫ ቁመትም ይደመርበታል። ይህን መደመር የሚረሱ ብዙ ናቸው።

ወደ ሒሳቡ እንመለስ። በ50 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ በታኅሣሥ አጋማሽ የቀን ብርሃን 8 ሰዓት ገደማ ነው። 5 ኖት የምትሄድ ጀልባ (1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው) በዚህ ጊዜ 40 የባሕር ማይል ትሄዳለች መባሉ የወረቀት ሒሳብ ነው። ሞገድ ፊት ለፊት ሲመጣ፣ ውኃው ሲቃወም፣ ነፋስ በርትቶ ሸራው በከፊል ተጠቅልሎ ሲያጥር ፍጥነቱ 4 ኖት ይሆናል፤ በዚያ ላይ ለችግር ጊዜ አንድ ሩብ ቢተው የቀኑ ጉዞ 25 ማይል አካባቢ ነው። ከዚህ የረዘመ ከሆነ ጨለማው በመነሻው በኩል ይሁን። የምናውቀውን ወደብ ከንጋት በፊት ለቅቀን ልንወጣ እንችላለን፤ የማናውቀውን ግን በብርሃን መግባት ይሻላል። በጨለማ ስንወጣ የዓሣ አጥማጆች ተንሳፋፊ ምልክቶች ስለማይታዩ ገመዳቸው ፕሮፔለር ላይ እንዳይጠመጠም ከባሕሩ ዳርቻ ራቅ ብሎ መሄድ ይበጃል።

ስለ ትንበያ ጽሑፋችሁ አንድ የስልክ መተግበሪያ መመልከት እንደሚበቃ አድርጎ አቅርቦታል። አይበቃም። ቢያንስ ሁለት የኮምፒውተር ትንበያ ስሌቶችን፣ የአሜሪካኑን ጂኤፍኤስና የአውሮፓውን ኢሲኤምደብልዩኤፍ፣ ማመሳከር ያሻል። ሁለቱ በቀጣዩ ወጀብ መድረሻ ሰዓት ከተስማሙ እምነት ይጣልባቸው፤ ከተለያዩ ቶሎ ይደርሳል የሚለው ይያዝ። አዲስ ስሌት በቀን 4 ጊዜ ስለሚያወጡ አንዱን ሥዕል ብቻ ከማየት ተከታታይ ሦስት አራቱን ማስተያየት ብዙ ይናገራል፤ ወጀቡ በእያንዳንዱ ስሌት እየቀደመ ከመጣ ነገ ደግሞ ይበልጥ ይቀድማል ብሎ መጠርጠር ነው። የሰዓቱ ነገርም አለ፦ ትንበያውም የባሕር ሙላት ሰንጠረዡም በዓለም አቀፍ ሰዓት ሊጻፍ ስለሚችል፣ አንዱን በአገር ሰዓት ሌላውን በዓለም አቀፉ ማንበብ ዕቅዱን በሙሉ ያዛባል።

የተጻፈው ነፋስ አማካይ መሆኑም አይዘንጋ። ሽው ብሎ የሚመጣው በአንድ ሦስተኛ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይበልጠዋል። የአውሮፓው ስሌት ባሕሩን የሚከፍልባቸው ካሬዎች እንኳ ጎናቸው 9 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ወደ ባሕር የገባችን ትንሽ የመሬት አፍንጫ ስሌቱ አያያትም፤ ነፋሱ ግን እዚያ ጋ ይጣደፋል። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ 15 ኖት ወደ 21 ሲደርስ በሸራው ላይ ያለው ኃይል በእጥፍ ይጨምራል። የ5 ዲግሪ አየር ደግሞ ከ25 ዲግሪው አየር በ7 ከመቶ ገደማ ስለሚከብድ፣ በሞቃት ወራት የለመድነው 20 ኖትና የብርድ ወራቱ 20 ኖት እኩል አይገፉም። የሞገድ ቁመትም እንዲሁ ነው፤ የሚነገረው ከሁሉ ከፍ ከፍ ያሉት አንድ ሦስተኛው ሞገዶች አማካይ ስለሆነ 2 ሜትር ሲባል አልፎ አልፎ ወደ 4 የሚጠጋ እንደሚመጣ ይታሰብ።

ከስልኩ ጎን ባሮሜትር ይኑር፣ ንባቡም በየሰዓቱ ይጻፍ። በ3 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከ3 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መስፈሪያ) በላይ ከወረደ ትንበያው ምንም ይበል ጉዞውን ማቆየት ነው፤ ከ6 በላይ ከወረደ ገመዶችን ማጠናከር። ባሮሜትርን ከማስጠንቀቂያ ጋር ያገናኘው ሥራ ዕድሜ ጠገብ ነው፤ የባሕር ኃይል መኮንኑ ሮበርት ፊትዝሮይ በብሪታንያ ለመርከቦች የወጀብ ማስጠንቀቂያ መስጠት የጀመሩት በ1861 እ.ኤ.አ. ነበር።

የባሕር ሙላትና ጉድለት ጉዳይ ጽሑፋችሁ ውስጥ ፈጽሞ አልተነሳም። ውኃው ወደ አንድ አቅጣጫ እየፈሰሰ ነፋሱ በተቃራኒው ሲነፍስ ሞገዱ ይቀራረባል፣ እንደ ግድግዳ ይቆማል፣ ይሰበራል፤ አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ ካለፉ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ፍሰቱ ስለሚበረታ ነገሩ ይብሳል። የመሬት አፍንጫን ውኃው ቆም በሚልበት ሰዓት ማለፍ የሚመከረው ለዚህ ነው። አፋቸው ላይ አሸዋ የተከመረባቸው ወደቦች ደግሞ ከክፍት ባሕር የሚመጣ ሞገድ እያለ ውኃው ሲወጣ አይሞከሩም። ከውጭ ሲታዩ የሞገዱ ጀርባ ብቻ ስለሚታይ ጸጥ ያሉ ይመስላሉ፤ መሰበሩ የሚታወቀው መካከሉ ከተገባ በኋላ ነው።

ጀልባዋ ቤት መሆኗ የራሷን ጣጣ ያመጣል። ወደብ ላይ ስትሰነብት ማንቆርቆሪያው፣ ኮምፒውተሩ፣ መጻሕፍቱ፣ ማሞቂያው ሁሉ በየቦታው ይዘረጋል፤ ይህን ሰብስቦ ማሰር ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ከዋዜማው ካልተሠራ ከጉዞው ሰዓት ላይ ይቀነሳል። በጋዝ ማብሰል ለብርድ ወራት ኑሮ እርጥበት ያመጣል፦ 1 ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል ከ1.6 ኪሎ በላይ ውኃ ወደ አየሩ ይገባል። ሙቀቱ እንዳይወጣ ብሎ የአየር መግቢያዎችን መድፈን ግን ከእርጥበቱ የከፋ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው በመኝታው አካባቢ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ሊኖር ይገባል።

በጣም የሚዘነጋው የናፍጣው ታንከር ነው። ለሳምንታት ወደብ ላይ በቆመች ጀልባ፣ በተለይ ታንከሩ ግማሽ ከሆነ፣ ጤዛ ከውስጥ ግድግዳው ላይ ይይዝና ወደ ታች ይወርዳል። ውኃውና ናፍጣው በሚገናኙበት መስመር ላይ ደቃቅ ሕዋሳት ይራባሉ፤ ጥቁር ዝቃጭ ሆነው ታች ይተኛሉ። ሞገድ ሲያናውጣቸው ተነስተው ፊልትሮውን (የናፍጣ ማጣሪያውን) ይደፍናሉ። ሞተሩ የሚጠፋው እንግዲህ ባሕሩ በሚያናውጥበት ሰዓት፣ ምናልባትም ወደቡ በር ላይ ነው። ከመውጣት በፊት የፊልትሮውን ግልጽ ኩባያ በባትሪ ማየት፣ ታች ውኃ ካለ በትንሿ ቡሎን ማፍሰስ፣ ቢያንስ 2 መለዋወጫ ፊልትሮ መያዝ፣ ከለወጡ በኋላም ከመስመሩ ውስጥ አየሩን ማስወጣትን ወደብ ላይ መለማመድ ይገባል።

ሸራውንም ወደብ ውስጥ ሳሉ ማሳጠር ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ባሕሩ ላይ ማሳጠሩ ከበዛ ሸራውን መልቀቅ ቀላል ነው፤ በቀዘቀዘ ጣት፣ በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ማሳጠር ግን ሌላ ነገር ነው። በ10 ዲግሪ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹ ይዛባል፤ በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥም እጁ ገመድ መጨበጥ ይሳነዋል። ስለዚህ የደኅንነት ገመዱ በአጭሩ የሚታሰረው ሰው ከጀልባዋ ጫፍ እንዳያልፍ ነው።

ከመነሳት በፊት ሦስት ነገር በወረቀት ላይ ይስፈር፦ በማንኛውም የባሕር ከፍታ የሚገባበት አማራጭ ወደብ፣ እስከ ስንት ሰዓት የትኛው የመሬት አፍንጫ ካልታለፈ እንደሚመለሱ፣ እንዲሁም የብስ ላይ ላለ ሰው የሚሰጥ መረጃ። ይህ የመጨረሻው የጀልባዋን ስም፣ የሰዎቹን ቁጥር፣ የሚደርሱበትን ሰዓትና ያ ሰው ለባሕር ጠረፍ ጥበቃ የሚደውልበትን ሰዓት ይይዛል። ሲደርሱ መድረሳቸውን መንገርም የዕቅዱ አካል ነው፤ ካልተነገረ ፍለጋ ይወጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
በሸራ ጀልባ ላይ የሚኖሩ አንባቢዎቻችሁ