ልጄ ያጨበጨበለት ፊልም

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ከሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ ብዕር ሳነሳ እጄ ከበደኝ። የእማማን ዕረፍት ሰምቼ እንኳ ሳልደውልልህ ቀረሁ። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ። ዛሬም የጻፍኩልህ ቸግሮኝ ነው። «ሲጨንቀው ነው የሚያስታውሰኝ» ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ፤ ያ ሳቅህ ራሱ ናፍቆኛል።

ባለፈው እሑድ ከልጄ ጋር አንድ የድሮ የጀርመን ፊልም አየን። «በባኩ ላይ የተቃጣ ጥቃት» ልበልህ፤ ፍሪትስ ኪርሆፍ ኡፋ ለተባለው የጀርመን ፊልም ኩባንያ ያዘጋጀው ነው። ዘመኑ በፈረንጆቹ 1919፣ ቦታው በካውካሰስ ያለችው የባኩ ከተማ የነዳጅ ጉድጓዶች። ተዋናዩ ዊሊ ፍሪች ጉድጓዶቹን የሚጠብቅ ጀርመናዊ ነው፤ ሬኔ ዴልትገን የእንግሊዝ ሰላይ። ፍሪችን አንተም ታውቀዋለህ፤ በ1930ው ፊልም ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሲዘፍን ያየነው ያ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው። ፊቱን አይቶ የማያምነው የለም። ልጄ ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ትንፋሹን ውጦ ነበር የሚያየው። በመጨረሻው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እኔም… እንዴት ልንገርህ… እጄ ለጭብጨባ ተነሥቶ ነበር። ይህን ለባለቤቴም አልነገርኳትም።

ነገሩ ሁሉ ውሸት ቢሆንማ ባልተቸገርኩ። እንግሊዞች ከ1918 መገባደጃ እስከ 1919 ነሐሴ ድረስ ባኩን ይዘዋት ነበር። በ1940ም ከፈረንሳዮች ጋር ሆነው የባኩን ነዳጅ በአውሮፕላን ሊደበድቡ አቅደው፣ ሰነዱ በጀርመኖች እጅ ወድቆ ታትሟል። ፊልሙ ግን ሲኒማ ቤት የገባው መቼ ነው? በ1942 ነሐሴ! ልክ የሂትለር ጦር ያንኑ ነዳጅ ሊወስድ ወደ ካውካሰስ በዘለቀበት ወር። እዚያው ካውካሰስ ያለችውን የነዳጅ ከተማ ማይኮፕን ያዘ፤ ሶቪየቶች ጉድጓዶቹን አስቀድመው አበላሽተዋቸው ስለነበር እዚህ ግባ የሚባል ነዳጅ አላገኘም። ባኩንም ሳያያት ተመለሰ። ተመልካቹ በሰላዩ ላይ ጥርሱን ሲነክስ፣ የራሱ ጦር በሰው አገር ምን እንደሚያደርግ አይጠይቅም። ይህ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

ይህን ሁሉ ለልጄ አስረዳሁት።

«እንግሊዞች ባኩን ይዘዋት ነበር አላልክም?» አለኝ።

«ይዘዋት ነበር።»

«እንግዲያው ፊልሙ ልክ ነው» ብሎ ክፍሉ ገባ።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ስለ መቅደላ ዝርፊያ ከሕፃንነቱ ጀምሬ የነገርኩት እኔው ነኝ፤ ያለቀስኩበትም ቀን አለ። ስለዚህ እንግሊዝን የሚከስ ሁሉ እውነተኛ ይመስለዋል። የነገርኩት እውነት ነው፤ አልመልሰውም። ግን በዚያው እውነት ሌላ ሰው ገብቶ ልጄን ሲወስድብኝ በዓይኔ አየሁ።

አንተ መቅደላን ስታስተምር ከመስኮቱ ሥር ቆሜ ሰምቼሃለሁ፤ አታውቅም ነበር አይደል? ተማሪዎቹ በቁጣ ሲነሡ ጠመኔህን አስቀምጠህ እስኪረጋጉ ትጠብቃቸው ነበር፤ ከዚያ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለህ። እኔ ያንን አልችልበትም፤ ቶሎ እቆጣለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እደውልልሃለሁ። እባክህ አንሣው። ልጁን ቶሎ አላቀርበውም፤ መጀመሪያ ስለ እማማ ንገረኝ።

ወንድምህ፣ ከበርሊን