ይድረስ ለቀበሌያችን ሥራ አስኪያጅ፦ የተሰነጠቀ መሬት መሸኛ አይጽፍም

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንዴት ነው ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ደህና እንደሆኑ አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ጣና ዳር ዓሣ ሲበሉ አይቼዎታለሁ። ቢሮዎ በር ላይ "ስብሰባ ላይ ናቸው" በተባልኩበት ዕለት ማለት ነው።

ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ስምዎንም ቀበሌውንም አልጠቅስም። እርስዎ ራስዎን ያውቃሉ፣ ሰፈሩም ያውቅዎታል። ይህን በአደባባይ የጻፍኩት በእጅ የሰጠሁት ማመልከቻ መልስ ስላጣ ነው። መዝገብ ቤት "ገቢ" ተብሎ ቁጥር ተሰጥቶታል። "ወጪ" የሚባል ነገር ግን እስካሁን የለም። ቅሬታ ሰሚውም ሰምቶኛል። ሥራው መስማት ብቻ ከሆነ በሚገባ ሠርቷል።

ጉዳዩ የታናሽ እኅቴ ነው። እኅቴ ወደ አፋር ወርዳ ሳቡሬ የገባችው ሥራ ፍለጋ ነው። ከሰም ስኳር ፋብሪካ አካባቢ ሸንኮራ ለሚቆርጡት ሠራተኞች ሻይና ዳቦ ትሸጥ ነበር። በኋላ እንጀራም ጨመረች። ልጇን ያሳደገችው በዚያ ሻይ ቤት ነው። ሀብታም አልሆነችም፣ ግን የማንንም እጅ አላየችም።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ መሬቱ መንቀጥቀጥ ያዘ። መጀመሪያ ላይ ስትደውል እየሳቀች ነበር የምትነግረኝ፤ ብርጭቆዎቹ መደርደሪያ ላይ ይጨፍራሉ ትለኝ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ግን ሳቁ ቀረ። ባለሙያዎቹ እንዳስረዱት፣ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ቅልጥ አለት ከምድር ሥር እየሰረገ ነበር። ታኅሣሥ 26 ሌሊት፣ 10 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ 5.7 የተለካው መጣ። መንግሥት 80 ሺህ ያህል ሕዝብ አደጋ ላይ ነው ብሎ ሰውን ማስወጣት ውስጥ የገባው ያን ሰሞን ነው። ይህን እርስዎም በቴሌቪዥን አይተዋል። ቢሮዎ ውስጥ ያለው ትልቁ ቴሌቪዥን ሲጠፋ አይቼ አላውቅም።

እኅቴም ልጇን ይዛ ወደ ወንድሟ መጣች። ወደ ተወለደችበት ከተማ፣ ወደ ተወለደችበት ሰፈር። ከዚያ የናንተ መስኮት ጋር ደረሰች።

መስኮቱ ላይ የተባለችውን እንዳለ ልጻፍልዎ። አጠገቧ ቆሜ ነበር።

"መሸኛ አምጪ።"

"ቀበሌው ተዘግቷል፣ ሰው የለበትም።"

"እንግዲያው ተዘግቷል የሚል ደብዳቤ አምጪ።"

"ከማን?"

"ከቀበሌው።"

ሠራተኛዎ እየቀለደ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም። እኅቴ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችው። ጓዳዋን ነው ያነሳችው። ስንጥቁ ከግድግዳው ሥር ተነስቶ በምድጃው መሀል አልፏል። ከሦስቱ ጉልቻ አንዱ ወዲህ፣ ሁለቱ ወዲያ ቀርተዋል። እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ነው። ሠራተኛዎ ፎቶውን በጣቱ አሰፋ፣ አጠበበ፣ ስልኩን መለሰላት። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ፎቶ ማኅተም የለውም።"

ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሳቀ። እኅቴ አልሳቀችም።

ፋይዳ ቁጥሯን አሳየች። "ፋይዳ የነዋሪነት ማስረጃ አይደለም" ተባለች። እሺ፣ ይህ ልክ ነው፣ አልከራከርም። የሳቡሬውን የቀበሌ መታወቂያ አወጣች። "ይሄማ የሌላ ክልል ነው" ተባለች። የሌላ ክልል ባይሆን ኖሮ እዚህ መጥታ አዲስ ለምን ትጠይቅ ነበር? ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር እያየሁ ዝም አልኩ።

ጥር መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌላ ምክር መጣ። "መንቀጥቀጡ ቆሟል አሉ፣ ሂጂና መሸኛሽን ይዘሽ ነይ።" ማን ነው ቆሟል ያለው? ጂኦሎጂስት እዚህ ቀበሌ መቀጠሩን አልሰማሁም። እኅቴ ግን ምክሩን አምና ልትሄድ ተነስታ ነበር። ያስቀረኋት እኔ ነኝ፣ ያውም ተጣልተን። የካቲት 7 ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ 6.0 የተለካው ያንኑ አገር መታው። እስከዚያ ከነበሩት ሁሉ የበለጠው እሱ ነው። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የመሥሪያ ቤትዎን ምክር ሰምታ ቢሆን ኖሮ ያን ሌሊት የት ታድር ነበር? በማግስቱ ይህንኑ ልጠይቅዎ መጥቼ ነበር። ስብሰባ ላይ ነበሩ።

መንገዱንም እንርሳው ካልተባለ በቀር፣ ከባሕር ዳር አዋሽ ድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መሄጃው ብቻ። መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት ደግሞ ማንም አያውቅም። እርስዎ አዲስ አበባ ለሥልጠና ሲሄዱ በአውሮፕላን ነው። ትክክል ነዎት፣ እኔም ብሆን በአውሮፕላን ነው የምሄደው። ሻይ ሻጭ ግን በምን ትሂድ?

አሁን ወደ ሕጉ። ሕጉን አያውቁትም አልልም። ለተፈናቃዮች ጉዳይ ስንት ሥልጠና እንደወሰዱ ራስዎ በስብሰባ ላይ ነግረውናል። ኢትዮጵያ የካምፓላ ስምምነት የሚባለውን የአፍሪካ ኅብረት የተፈናቃዮች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃለች። ስምምነቱ ተፈናቃይ የሚለው በጦርነት የወጣውን ብቻ አይደለም፣ በተፈጥሮ አደጋም ቤቱን ጥሎ የወጣውን ይጨምራል። አንቀጽ 13 ደግሞ ስለ ሰነድ ነው። በመፈናቀል ሰነዱ የጠፋበትን ሰው አዲስ ሰነድ ስጡት ይላል። ስትሰጡትም "ወደ ቀድሞ መኖሪያህ ተመልሰህ አምጣ" እንደሚለው ያለ አግባብ ያልሆነ ቅድመ ሁኔታ አታስቀምጡበት ይላል። እኅቴን አይቶ የጻፈው ነው የሚመስለው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 አገሪቱ ያጸደቀችው ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። እንግዲህ መስኮትዎ ላይ ያለው ልማድ ነው የሚበልጠው ወይስ ሕጉ? መልሱን ከእርስዎ እፈልጋለሁ።

"ሐሰተኛ መታወቂያ እንዳይወጣ እየተጠነቀቅን ነው" የሚል መልስ እንደሚኖርዎ አውቃለሁ። ጥንቃቄውን እደግፋለሁ፣ በመታወቂያ ስንት ተንኮል እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ይቺ ሴት ማን እንደሆነች የማታውቁ ቢሆን ነው ጥንቃቄ የሚባለው። ዕድራችን የማውቃት ልጅ ናት ብሎ በማኅተም ጽፎላታል። ሦስት ጎረቤት ለምስክርነት ቀርቧል። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ እኅቴ ወደ ሳቡሬ የሄደችው ከእናንተው ቀበሌ መሸኛ ወስዳ ነው! ግልባጩ የቤተሰባችን ፋይል ውስጥ አለ። ፋይሉ ደግሞ ሠራተኛዎ ከተቀመጠበት ወንበር ጀርባ ያለው ሸልፍ ላይ ነው። ዞር ብሎ ቢያወጣው ነገሩ ያልቅ ነበር። "የአሠራር ችግር አለው" ብሎ አልዞረም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባላል። በእኅቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ሆዴን ያቃጥለኛል። ቅሬታ ሰሚው ሲያጽናናኝ ነው አሉ፣ "መጠለያ ጣቢያ ገብታ ቢሆን ኖሮ ስሟ ዝርዝር ውስጥ ይገባ ነበር" አለኝ። ልብ ይበሉ። ድንኳን ውስጥ ብትቀመጥ ተፈናቃይ ነበረች። ወንድም ስላላት ግን ተፈናቃይ አይደለችም። ዘመድ ቤት የተጠጋ ሰው ለመንግሥት ወጪ ቀንሶለታል። ዱቄት አልጠየቀም፣ ሸራ አልጠየቀም። የጠየቀው አንድ ወረቀት ነው። እሱም ተከለከለ። በዚህ ከተማ በየዘመዱ ቤት የተጠጋው ሰው ብዙ ነው። ከአዋሽ በኩል የመጣም አለ፣ በሌላ ምክንያት የመጣም አለ። ማንም አይቆጥረውም፣ ምክንያቱም ማጀት ውስጥ ነው የተኛው።

ወረቀቱ ምን ያደርግላታል ካሉኝ፣ ያለ ነዋሪነት መታወቂያ የንግድ ፈቃድ የለም። ፈቃድ ከሌለ መንገድ ዳር የዘረጋችውን ጀበና ደንብ አስከባሪ ያነሳዋል። አንስቶታልም። የጤና መድህንም የለም፤ ልጁ ሲታመም ከኪስ ነው የምንከፍለው።

ልጁንም ላንሳ። ትምህርት ቤቱ ከናንተ ይሻላል። መልቀቂያ ማምጣት እንደማይችል ሲያውቁ ፈትነው፣ ደረጃውን አይተው አስገቡት። ከቤታችን ፊት ለፊት አስፋልት አለ። ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር ቤቱ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ እኛ ለምደነው አንሰማውም። ልጁ ግን ብድግ ብሎ ውጭ ነው። በባዶ እግሩ፣ ደብተሩን ጥሎ። አንዳንድ ቀን ራት እየበላን ጉርሻውን ይዞ ይሮጣል። ሲመለስ ያፍራል። ሌሊት በሩ እንዲቆለፍ አይፈልግም፣ እናቱ በሩ ሥር ነው የምትተኛው። ስለዚህ ጉዳይ ባለሙያ እንዲያየው ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። መጀመሪያ የተጠየቅነው የመድህን ደብተር ነበር።

ጎረቤቱስ? ዕድሩ ፍራሽና ብርድ ልብስ ሰጠ። አንዷ ጎረቤታችን ረከቦትና ስኒ አዋሰቻት። አንዱ ባለ ባጃጅ ልጁን ጠዋት ጠዋት በነፃ ትምህርት ቤት ያደርሰዋል። ማንም መሸኛ አልጠየቀም። እኔ ራሴ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ አለኝ፣ በየዓመቱ ግብር እከፍላለሁ። ግብር ልከፍል ስመጣ የትኛውም ሠራተኛዎ "ገንዘቡ ከየት እንደመጣ መሸኛ አምጣ" ብሎኝ አያውቅም።

በመጨረሻ ያገኘሁዎት ዕለት፣ ኮሪደር ላይ እየተራመዱ፣ "ይሄ የአፋር ክልል ጉዳይ ነው፣ እኛ ጋ መሬት አይንቀጠቀጥም" አሉኝ። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬና ማጀቴ ላይ የደረሰውን ሽማግሌ ይጠይቁ። ማጀቴ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ያለ ቤት ቀርቷል። ማጀቴ ዛሬ በየትኛው ክልል ናት? በእርስዎው። ያኔ የተረፈውን ሰው ያስጠጋው ዘመድ ነው። ነገ አንድ የሰሜን ሸዋ ቤተሰብ እንዲህ ሆኖ ባሕር ዳር ቢደርስ፣ ያው መስኮት ነው የሚጠብቀው።

የምፈልገው ብዙ አይደለም። ፋይላችን ይውጣ፣ የዕድሩ ደብዳቤና የምስክሮቹ ቃል ይያያዝ፣ መታወቂያው ይሰጥ። እንደ እኅቴ ዘመድ ቤት ያረፉትንም አንድ ሠራተኛ መድበው ይመዝግቧቸው። የሁለት ቀን ሥራ ነው።

ሰኞ ጠዋት እኅቴን ይዤ እመጣለሁ። የአዋጁን ኮፒም እይዛለሁ። አሁንም አይቻልም ከሆነ መልሱ፣ በአፍ አልቀበልም። "አይቻልም" የሚለውን ከነምክንያቱ ጽፈው፣ ፈርመው፣ ክብ ማኅተም አድርገው ይስጡን። የእንባ ጠባቂ ተቋም ቅርንጫፍ እዚሁ ባሕር ዳር ነው፤ ይዤ የምሄደው እሱን ወረቀት ነው።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የቀበሌዎ ነዋሪ፣ መታወቂያ ያለው

ግልባጭ፦
ለቅሬታ ሰሚ፣ የበፊቱ ማመልከቻዬ ከተገኘ አብሮ እንዲያያዝ