የብር ጌጦቻችሁን መዝግቡ

ውድ የሐረር ማኅበራችን አባላት፣

ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም የተሰረቁት ስምንት ጌጦች ፎቶአቸው ወዲያው በዓለም ተሰራጭቷል። እኛ ዘንድ ግን ፎቶ የሌለው አምባር ወይም አልቦ ቢጠፋ ለፖሊስ የምናሳየው የለንም።

እያንዳንዱን ጌጥ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ ከፊት፣ ከኋላና ከመቆለፊያው በኩል አንሱ። ፍላሽ አትጠቀሙ፤ ብሩ ስለሚያብረቀርቅ ጥለቱ አይታይም። ከመስኮት በጎን የሚገባ ብርሃን ይበቃል። ክብደቱን በግራም፣ የዶቃውን ብዛት በቁጥር ጻፉ። ከሁሉ በላይ ጉዳቱን መዝግቡ፦ የተበየደ ስንጥቅ፣ የጎደለ ፍሬ፣ የተጣመመ ማያያዣ። በአንድ አንጥረኛ እጅ የተሠሩ ሁለት አምባሮች እንኳ ጠባሳቸው አንድ አይሆንም። ጠገራ ብር (የማሪያ ቴሬዛ የብር ሳንቲም) ካለበት፣ በላዩ የተጻፈውን 1780 የሚለውን የፈረንጆች ዓመት መለያ አታድርጉት፤ ከዚያ በኋላ የተመቱትም ይህንኑ ዓመት ይዘዋል። የተበሳበትን ወይም ማንጠልጠያው የተበየደበትን ቦታ በቅርበት አንሱ።

አንጥረኞች ሆይ፣ የማታውቁት ሰው ያመጣውን አሮጌ ጌጥ አደራችሁን አታቅልጡ። አንዴ ከቀለጠ ማንም አይለየውም። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው።

የመዝገቡን ቅጂ ከጌጡ ጋር በአንድ ሳጥን አታስቀምጡ፤ ሌላ ቤት ይቀመጥ።