ለአባትህ ስለላክኸው ቅባት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድሬዳዋ ሙቀቷን ጀምራለች፤ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር መቀመጥ እንኳ ያስቸግራል። የላክኸው ዕቃ ሁሉ በሰላም ደርሷል። ጫማው ለእህትህ ልክ ሆኗል። ለአባትህ ጉልበት ብለህ ስለላክኸው የቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) ቅባት ግን ጠንከር አድርጌ ልጽፍልህ ነውና እንዳትቀየመኝ።

አባትህ ማሸጊያውን ሲያይ ፊቱ ፈካ። ዕድሜውን በምድር ባቡር ጋራዥ ብረት ሲያነሣ የኖረ ሰው፣ ዛሬ የውኃ ጀሪካን ከጓሮ እስከ ማድ ቤት ለማድረስ መንገድ ላይ ማረፉ ያንገበግበዋል። አንተም ይህንኑ በስልክ ሰምተህ እንደ ላክኸው ገብቶኛል። ግን እናትህ ነርስ ሆና ጡረታ የወጣች ሴት መሆኗን እያወቅህ፣ ቴስቶስትሮንን እንደ ቪታሚን በሰው ሻንጣ መላክ ምን የሚሉት ነው? ቆልፌበታለሁ። እሱም አኩርፏል፤ ይተወዋል።

ከሁሉ በፊት ያስደነገጠኝ የትንሿ ነገር ነው። የእህትህ ልጅ እንቅልፍ የሚወስዳት አያቷ ደረት ላይ ስትተኛ ነው። ይህ ቅባት የተቀባ ቆዳ ሳይታጠብ ወይም በልብስ ሳይሸፈን ሕፃን ከነካው መድኃኒቱ ወደ ሕፃኑ ይተላለፋል። በዚህ መንገድ ዕድሜያቸው ሳይደርስ የጉርምስና ምልክት የታየባቸው ሕፃናት ስለነበሩ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2009 እ.ኤ.አ. (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ) በማሸጊያው ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲታተም አዝዟል። ወረቀቱን ብታነበው ኖሮ ታገኘው ነበር። አባትህ ደግሞ በዚህ ሙቀት ሸሚዝ ለብሶ ቤት ውስጥ እንደማይውል ታውቃለህ።

አሁን ወደ ጉልበቱ ልምጣ። የወንድ ሆርሞን ከዕድሜ ጋር ቀስ በቀስ መቀነሱ እውነት ነው። ለሽማግሌዎች ሆርሞኑ ቢመለስላቸው ጉልበታቸው ይመለሳል የሚለው ተስፋ ግን ከመድኃኒቱ በዕድሜ ይበልጣል። ብራውን ሴካር የተባለ ዝነኛ ሐኪም በ1889 በ72 ዓመቱ ከእንስሳት የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሱን ወግቶ «ጎረመስሁ» ብሎ ፓሪስን አስደንቆ ነበር። ፈሳሹ ውስጥ ይህ ነው የሚባል ሆርሞን አልነበረበትም፤ ያጎረመሰው ምኞቱ ነው።

እውነተኛው ሆርሞን በደንብ የተፈተነው በእኛ ዘመን ነው። የመጀመሪያ ውጤቱ በ2016 በወጣው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ሆርሞናቸው ማነሱ በደም ምርመራ የተረጋገጠ 790 ወንዶች ለአንድ ዓመት ቅባት ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበትን። በትዳር አልጋ ላይ መጠነኛ መሻሻል ታየ (እናትህ ነኝ፣ ግን ነርስም ነኝ)፤ ለደም ማነስም ለአጥንት እፍጋትም በጎ ነገር ተገኘ። መራመድ ከብዷቸው በተመዘገቡት ሰዎች ላይ ግን በ6 ደቂቃ የሚሄዱት ርቀት ከሌሎቹ ይህን ያህል አልተለየም። አንተ የላክኸው ደግሞ ለዚሁ ነበር።

ጡንቻ አይጨምርም ማለቴ አይደለም። በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 74 የሆነ፣ መንቀሳቀስ የከበዳቸው 209 ሽማግሌዎች ላይ ተደርጎ የእግርና የደረት ጉልበታቸው በርግጥ ጨምሯል። ነገር ግን ከልብና ከደም ሥር ጋር የተያያዘ ችግር መድኃኒቱን በወሰዱት 23 ሰዎች ላይ፣ ባልወሰዱት 5 ላይ ብቻ በመድረሱ ሥራው በመሐል ተቋረጠ። ኋላ በ2023 የልብ ሕመም ያለባቸውን ወይም የሚያሰጋቸውን ከ5,000 በላይ ወንዶች የተከታተለ ጥናት የልብ ድካሙንም ስትሮኩንም አልጨመረም ብሎ ብዙ ሐኪሞችን አረጋግቷል። እዚያው ላይ ግን የልብ ምት መዛባት፣ የሳንባ የደም መርጋትና ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት በዝቶ ታይቷል፤ የአጥንት ስብራትም ጭምር። መድኃኒቱ ደም ያወፍራል። በዚህ ሙቀት ውኃ ጠጣ ሲሉት ቡና የሚጠይቅ ሰው ላይ ልሞክረው?

ስለዚህ አደራረጉ እንዲህ ነው። አባትህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ደሙን ይሰጣል፤ ሆርሞኑ ከፍ የሚለው በማለዳ ስለሆነ የከሰዓት ምርመራ ያሳስታል። ካነሰ በሌላ ቀን ይደገማል። ፕሮስቴቱም (ከፊኛ ሥር ያለው የወንድ ዕጢ) ይታያል። ሁለቱም ጊዜ አንሶ ከተገኘና ሐኪሙ ካዘዘለት፣ እኔው ራሴ እየተቆጣጠርሁ ይቀባል፤ እልኸኛ አይደለሁም።

እስከዚያው ግን ሥራ ሰጥቼዋለሁ። በ1994 ቦስተን ውስጥ በአማካይ 87 ዓመት የሆናቸው 100 አዛውንት ለ10 ሳምንት ክብደት እንዲገፉ ተደርጎ የእግራቸው ጉልበት ከእጥፍ በላይ አድጓል። ሳይሠሩ የሚያጠነክር መጠጥ ብቻ የጠጡት ምንም አላገኙም። እኛ መሣሪያ የለንም፤ ከደረቀው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ አስመጥቼ ሁለት ትንንሽ ከረጢት ሰፍቼለታለሁ። እጁን ሳይደገፍ ከወንበር ይነሣል፣ ይቀመጣል፤ ከረጢቶቹን ይዞ ደረጃ ይወጣል። ሲቀለው አሸዋ እጨምርበታለሁ፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ክብደት ብዙ አይፈይድም። ዕንቁላል በጠዋት፣ በጾም ደግሞ ባቄላና ምስር ጠብቆ ይበላል።

ከባዱ ጠላቴ የጫት በርጫው ነው። ከምሳ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ይቀመጥና እራት ይተዋል፤ ሌሊት ይገላበጣል። ያልበላና ያልተኛ ሽማግሌ ጡንቻ ከየት ያመጣል? አንተ ብትናገረው ይሰማሃል፤ የእኔን ንግግር ለምዶታል። እሑድ ስትደውል ስለ ቅባቱ ሳታነሣ ስለ እራቱና ስለ እንቅልፉ ጠይቀው።

ሌላ ቅባት አትላክ። ገንዘብ ማውጣትህ ካልቀረ፣ ሶሉ የማያንሸራትት 43 ቁጥር የእግር ጉዞ ጫማ ላክለት፤ በማለዳ ፀሐይ ሳይበረታ እስከ ለገሃር ደርሶ ይመለሳልና።

እናትህ፣ ድሬዳዋ