የዚህ ወር ንባባችን፦ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

በዚህ ወር የምናነበው የወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ሥራ ነው። ስዊዘርላንድ ተምረው የተመለሱ ወጣት ነበሩ። ጣልያን ሲወረን «ጥቁር አንበሶች» ከተባሉት አርበኞች ጋር ተሰለፉ። ተይዘውም ጣልያን አገር፣ አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፤ ተማሪዎቻቸው የሚጫወቱትን ቲያትር ራሳቸው ይጽፉ ነበር። እኔ ከሁሉ የምወደው ይሄን ነው! እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ።

የምናነበው ሥራቸው፣ «የልቤ መጽሐፍ»፣ በስንት ፍለጋ እጄ ገብቷል። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፣ ጠርዙ ሲነኩት ይፈረፈራል። ስለዚህ አላዞረውም፤ ቅዳሜ ስንገናኝ ጥቂት ገጾች ጮክ ብዬ አነብላችኋለሁ። እናቶቻችሁ ወይ አያቶቻችሁ እቴጌ መነን ተምረው ከሆነ፣ እባካችሁ የሚያስታውሱትን ጠይቃችሁ ኑ።