ቡኒው ብርድ ልብስ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? በስልክ ልነግርዎ ሦስቴ ሞክሬ አልወጣልኝ አለ። ስለዚህ ጻፍኩ። መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡት፤ ለጎረቤት አያስነብቡ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሿ ስድስተኛ ክፍል ገባች፤ በቁመት ልትደርስብኝ ነው። ባለፈው «በረሃ ቀን እያቃጠለ ሌሊት ለምን ይበርዳል?» የሚል የቤት ሥራ ይዛ መጣች። አብረን ሠራነው። ደመናና እርጥበት ለምድር ብርድ ልብሷ ናቸው፤ በረሃ ሁለቱም የሉትም። አሸዋው የሚግለው ከላይ ከላዩ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሙቀቱ ቶሎ ወደ ሰማይ ይበተናል። ሰሃራ ውስጥ ቀን 40 ዲግሪ የነበረ ቦታ ሌሊት ከ20 በታች ሊወርድ ይችላል። የእናንተ የሱሉልታ የኅዳር ውርጭም እንዲሁ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድርና ጠዋት ሣሩ ይነጣል።

«አያትሽ በረሃን በዓይናቸው ያዩ ናቸው» አልኳት። በመኪና ይመላለሱበት የነበረውን መንገድ ላሳያት ስልኬን ከፈትኩ። ሚሌ፣ ሰርዶ፣ ቡሬ፣ አሰብ። አሰብ የባሕር ጠረፍ ነው፤ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ሌሊቱም ይሞቃል። ወደ ሰሜን ያለው ዳሎልማ፣ በፈረንጅ ከ1960 እስከ 1966 ሲለካ፣ ቀኑም ሌሊቱም ተደምሮ የዓመቱ አማካይ 34.6 ዲግሪ ነበር።

ዝም አልኩ።

«የበረሃ ሌሊት አጥንት ውስጥ ይገባል» ይሉን ነበር። ቡኒውን ብርድ ልብስ፣ ያንን ጥጉ በከሰል የተቃጠለውን፣ ጠቅልለው መኪናው ላይ ሲወረውሩት አሁንም ይታየኛል። እኛ ሦስታችን በእማዬ ጋቢ ሥር። የእኔ እግር ሁሌም ውጭ ነበር። አንድ ጊዜ ያለ ብርድ ልብሱ ተመለሱ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አልጠየቀችም። ደሴ ሲያድሩ ያስፈልጋቸው ይሆናል እያልኩ ኖሬያለሁ።

ደግሞ አባባ፣ ማታ ከሰል ቤት ውስጥ አያሳድሩ። ፍሙ ባይጨስም ሰው ይገድላል። ቀን ፀሐይ ላይ ሹራብዎን ያወልቁና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብርዱ እንደዚያው ያገኝዎታል። ሳሉ የሚብሰው ለዚህ ነው። መድኃኒቱንም ተሻለኝ ብለው እንዳያቋርጡ።

በዚያ መንገድ አሳድገው አስተምረውናል። አልረሳሁም። ግን ብርድ ልብሱ ሌላ ቤት ገብቶ ከሆነ፣ እዚያ የሞቀው ልጅ ካለ፣ ስሙን ብቻ ይንገሩኝ። አልቆጣም። እርስዎ ሳሉ ከእርስዎ አፍ ልስማው።

ቅዳሜ ከኮዬ ፈጬ በጠዋት እነሣለሁ። ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝቻለሁ።

ልጅዎ